ጠገበ ማለት ተመገበ ማለት ነው?



ዛሬ ልናገር የተነሣሁት ስለ ምግብ ነው። ለገበሬ ስለ ምግብ መናገር ድፍረት ሊመስል ይችላል። እህሉን የምታመርቱት እናንተ፣ የሚያበስሉት እናቶቻችን ናቸው፤ እኔ በላተኛ ነኝ። ስለዚህ ማረስንም ሆነ መጋገርን ላስተምራችሁ አልመጣሁም። የመጣሁት፣ እህሉ ጉሮሮ ካለፈ በኋላ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ በትምህርት ያገኘሁትን ላካፍላችሁ ነው። ይህን ማወቅ በተለይ ጡት ለሚጥል ልጅ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ንግግሬም ዞሮ ዞሮ እዚያው ልጅ ዘንድ ይደርሳል።

ለመሆኑ ሰው ለምን ይበላል? «እንዳይርበው ነዋ!» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ረኀብ በር አንኳኪ ብቻ ነው፤ ምን ፈልጎ እንደመጣ አይናገርም። ሆድ በውኃም ይሞላል፣ በቀጭን ሙቅም ይሞላል። ሲሞላ ማንኳኳቱ ይቆማል። ሰውነት ግን የሚፈልገውን አግኝቷል ማለት አይደለም።

ሰውነታችንን እንደ አንድ ጎጆ ቤት እንየው። ጎጆ ለመሥራት ምሰሶ፣ ማገርና ልጥ ያስፈልጋል። ቤቱ ከቆመ በኋላ ደግሞ በየቀኑ ምድጃው ላይ የሚነድ ማገዶ ያስፈልጋል። ማገርና ማገዶ ሁለቱም እንጨት ናቸው፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ከምንበላውም ውስጥ የሚነድ አለ፤ የሚገነባም አለ።

የሚነደው ኃይል ሰጪ ምግብ ይባላል። ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ድንች፣ ቆጮ፣ ማር፣ ስኳር አብዛኛው ነገራቸው ይኸው ነው። በመጽሐፍ ስሙ ካርቦሃይድሬት ነው። ስሙ ረዥም ስለሆነ ባትይዙትም ግድ የለም። ሞፈር ስትጨብጡ፣ እንስራ ስታዝሉ፣ ልብ ሲመታ፣ ገላ ሲሞቅ የሚነደው እሱ ነው። ሰው ተኝቶ እንኳ ይህ እሳት አይጠፋም።

ሌላው ማገዶ ቅባት ነው፤ ቅቤ፣ ጮማ፣ የኑግ፣ የሰሊጥ፣ የሱፍና የተልባ ዘይት። እህሉ ጭራሮ ከሆነ ቅባት የወይራ ግንድ ነው፤ ትንሹ ብዙ ይነዳል። እህልን በቁና፣ ጨርቅን በክንድ እንደምንለካ ሁሉ የምግብ ኃይል የሚለካው ካሎሪ በሚባል መለኪያ ነው። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ቅባት 9 ይሰጣል፤ ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ሰውነት የተረፈውን ማገዶ የሚያከማቸውም በቅባት መልክ ነው። ከብታችሁ በመስከረምና በጥቅምት ሣር ሲያገኝ ይሰባል፤ በበጋ ደግሞ ያንኑ ስቡን እየበላ ይከርማል። ሰውም ከዚህ የተለየ አይደለም። ደግሞም ጎመንና ካሮት ውስጥ ለዓይን የሚጠቅም ነገር አለ፤ እሱን ሰውነት አሳምሮ የሚወስደው ቅባት ጣል ሲደረግበት ነው።

ሦስተኛው ማገሩ ነው። ገንቢ ምግብ እንለዋለን፤ በመጽሐፍ ስሙ ፕሮቲን ነው። ጡንቻ፣ ደም፣ ቆዳ፣ ጸጉር፣ ጥፍር የሚሠራው ከዚህ ነው። ቁስል ሲሽር የሚጠግነው፣ በሽታ ሲገባ የሚዋጋው፣ ልጅ ሲያድግ የሚጨመረው ይኸው ነው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተትና አይብ ገንቢ መሆናቸውን ብዙ ሰው ሰምቷል። ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ሽምብራና አኩሪ አተርም ገንቢ መሆናቸውን ግን ሰው አያስበውም፤ «የደሃ ወጥ» እያለ ይንቃቸዋል። እስቲ እንመዝነው። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ምስር ሩቡ ያህል ፕሮቲን ነው። ከአንድ ኪሎ ጥሬ ቀይ ሥጋ አንድ አምስተኛው ገደማ ነው፤ የቀረው አብዛኛው ውኃ ነው። እርግጥ ምስሩ ሲበስል ውኃ ስለሚጠጣ በጭልፋ ከተለካ ብልጫው ይጠፋል። ቢሆንም የሚናቅ ነገር አይደለም። በአንጻሩ ቆጮ ፕሮቲን የለውም ማለት ይቀላል። ጉራጌዎች ቆጮን ከአይብ፣ ከጎመን፣ ካገኙም ከክትፎ ጋር መብላታቸው እንግዲህ ለወጉ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ክረምት ገብቶ፣ ዶፉ እየወረደ ማገዶ ያለቀበት ሰው ምን ያደርጋል? ብርዱ ከጠናበት የቤቱን ማገር እየነቀለ ያነዳል። ሰውነትም እንደዚሁ ነው። የሚነድ ምግብ ካጣ ጡንቻውን እየነቀለ ያነደዋል። የተራበ ሰው እጅና እግሩ የሚቀጥነው ለዚህ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ እንቁላል ብቻ ብታበሉት ማገሩን ወስዶ ምድጃ ውስጥ ይከተዋል። ማገዶ ብቻ ብትሰጡት ደግሞ ቤቱ ይሞቅ ይሆናል እንጂ አይሠራም። ስለዚህ ሦስቱም አብረው መምጣት አለባቸው።

ማገሩም ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። ፕሮቲን ከ20 ከሚሆኑ ትንንሽ ቁራጮች የተሠራ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 9ኙን ሰውነት ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። ቤት ሠሪ የፈለገውን ያህል ማገር ቢከምር ልጥ ካለቀበት ሥራው ይቆማል፤ አይደለም እንዴ? እህል ውስጥ ላይሲን የሚባለው ቁራጭ ያንሳል፤ ባቄላና ምስር ውስጥ ግን ሞልቷል። ባቄላ ውስጥ የሚያንሰው ሌላው ቁራጭ ደግሞ እህል ውስጥ ይገኛል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። እንጀራን ከሽሮ፣ ቂጣን ከምስር፣ የገብስ ቆሎን ከሽምብራ ጋር ያጋቡ እናቶች ይህን ከመጽሐፍ አላነበቡትም። ያገኙት ነገር ግን ትክክል ነው። ሽሮው ላይ ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ካለበት ሦስቱም መሶቡ ላይ ቀረቡ ማለት ነው።

ታዲያ መሶቡ ላይ ሁሉም ካለ ችግሩ ምንድን ነው?

ችግሩ አቀራረቡ ላይ ነው። የወጡ ፍሬ በአባት በኩል ይደረጋል። እንግዳ ካለ እሱ ይቀድማል። እናት መጨረሻ ላይ የተረፈውን ታነሣለች። የ1 ዓመት ልጅ ደግሞ ከመሶቡ አይቀርብም፤ «ያቃጥለዋል» ተብሎ እንጀራው በወጡ ውኃ ይነካካለታል፣ ወይም ለብቻው ቀጭን ሙቅ ይቀርብለታል። ሙቁ አብዛኛው ውኃ ነው፤ የቀረው እህል ብቻ ነው። ፍሬው የለበትም፤ ቅባቱም የለበትም። አዋቂው ሦስቱንም ሲበላ ልጁ ሆዱን ሞልቶ ያድራል። ይህ ከጭካኔ የመጣ አይደለም፤ ከልማድ ነው። ትንሽ ሰው ትንሽ ነገር ይበቃዋል ብለን ስለምናስብም ነው።

ግን ይበቃዋል ወይ? እስቲ ሒሳቡን እንሥራ፤ ባለፈው ማካፈል ተምረናል። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የሚውል 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 3,000 ካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል እንበል። ለ60 ስናካፍለው ለአንድ ኪሎ ክብደቱ 50 ይደርሳል። አንድ ዓመት የሞላውና 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በቀን ከ800 እስከ 900 ካሎሪ ይፈልጋል። ለ10 ስናካፍለው ከ80 በላይ ነው! በክብደቱ ከተሰላ ልጁ ከአራሹ አባቱ የበለጠ ይበላል ማለት ነው። ምክንያቱም እሱ ገና ቤት እየሠራ ነው። ሆዱ ግን ከጭብጡ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ምግቡ ወፈር ያለ፣ ፍሬና ቅባት ያለው መሆን አለበት፤ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜም መብላት አለበት። አባት በቀን ሁለቴ ስለሚበላ ልጁም ሁለቴ ይብላ ማለት አይሆንም።

ይህን ነገር ከዚህ በፊት ስንነጋገር አንድ አባት ተነሥተው፣ «ልጄ፣ እኛም እኮ በዚያው ሙቅ ነው ያደግነው» አሉኝ። አባባ፣ እርስዎስ ጠንክረው አድገዋል፤ እናትዎ ስንት ወልደው ነበር? ብዬ ጠየቅኋቸው። ትንሽ ዝም ብለው፣ «ዘጠኝ፤ ያደግነው አራት ነን» አሉ። አምስቱን የገደላቸው ሙቅ ነው ማለቴ አይደለም። ኩፍኝ አለ፣ ተቅማጥ አለ፣ ወባ አለ። ነገር ግን በደንብ የተመገበ ልጅ ኩፍኝ ቢይዘው ብዙ ጊዜ ታሞ ይድናል፤ ማገሩ የሳሳ ልጅ ግን አይችለውም።

ከሁሉ የሚከፋው የምግብ እጥረት ደግሞ የሚያታልል መልክ አለው። ልጁ አይከሳም፤ ያብጣል። እግሩና ፊቱ ይነፋል፤ ለሩቅ ሰው የወፈረ ይመስላል። ጸጉሩ ይሳሳል፣ ይቀላል፤ ቆዳው ይላጣል። አይጫወትም፣ አይስቅም፣ ምግብም እምቢ ይላል። የእግሩን ጀርባ በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ስትለቁ ጉድጓዱ ሳይሞላ ይቆያል። በሽታው ክዋሽዮርኮር ይባላል። ስሙ የጋና ሰዎች ከሚናገሩት ጋ ከሚባል ቋንቋ የመጣ ነው። ሲሲሊ ዊልያምስ የተባሉ ሴት ሐኪም እዚያ አገር ሲሠሩ እ.ኤ.አ. በ1933 በሽታውን በጽሑፍ አስታወቁ። የዚያ አገር እናቶች ግን ቀድመው ያውቁት ኖሯል። የስሙ ትርጉም፣ ታናሹ ሲወለድ ከጡት የተፈናቀለውን ልጅ የሚይዝ በሽታ እንደማለት ነው። እኛስ አገር እንደዚሁ አይደለም? እናት ስታረግዝ ልጁ በድንገት ጡት ይጥላል፤ በጡቱ ምትክ ሙቅ ይመጣል።

ድሮ ሐኪሞች የዚህ በሽታ ምክንያት የፕሮቲን ማነስ ብቻ ነው ይሉ ነበር። ዛሬ ነገሩ ከዚያ የሰፋ መሆኑ ታውቋል፤ ተደጋጋሚ ተቅማጥና ሌሎች በሽታዎችም አብረው ያመጡታል። ስለዚህ ያበጠ ልጅ ስታዩ ዓይነ ጥላ ነው፣ ቡዳ ነው ብላችሁ ቀን አትቍጠሩ። ቤት ውስጥም ሥጋና ወተት በብዛት አጉርሳችሁ ለማዳን አትሞክሩ። የደከመ ሰውነት በአንድ ጊዜ ብዙ ምግብ ሲወርድበት አይችለውም፤ ሊሞትም ይችላል። ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የጤና ሠራተኞች የልጅ ክንድ የሚለኩበት ቀለም ያለው ጥብጣብ አላቸው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ካነሰ ጥብጣቡ ቀይ ያሳያል፤ ልጁ በብርቱ ተጎድቷል ማለት ነው። ያበጠ ከሆነ ግን ጥብጣቡ ምንም ቢያሳይ መታከም አለበት።

እዚያ የሚሰጠውን በከረጢት የታሸገ ቅባታማ ምግብ ፕላምፒ ናት ይሉታል። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1996 የሠሩት ነው። ውስጡ ያለው ለውዝ፣ የወተት ዱቄት፣ ዘይትና ስኳር ነው፤ ቪታሚንና ማዕድንም ተጨምሮበታል። ስንል የቆየነው ነው፤ ማገር፣ ግንድና ጭራሮ በአንድ ላይ። ይህ ለታመመው ልጅ ተመዝኖ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ለወንድም ለእኅት ከተካፈለ፣ ወይም ገበያ ወጥቶ ከተሸጠ፣ የታመመው ልጅ ግማሽ መድኃኒት ጠጣ ማለት ነው።

ስለ ጾምም ጥቂት ልበል። በኦርቶዶክስ እምነት የጾም ቀን በዓመት ከ180 በላይ ነው። የጾም ምግብ በራሱ ደካማ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሽሮ፣ ምስር፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ኑግ የሚበላ አዋቂ ማገሩንም ማገዶውንም አግኝቷል። የሚጎዳው ያለ ፍሬና ያለ ዘይት በእንጀራና በበርበሬ ብቻ የሚጾመው ነው። ሕፃን ግን እስከ ሰባት ዓመቱ ጾም የለበትም፤ ቄሶቹን ጠይቋቸው፣ እነሱም ይነግሯችኋል። በእስልምናም ሕፃን አይጾምም። ነገር ግን የቅቤው ማሰሮ ከተሰቀለ፣ «ዕቃው ይነካካል» ተብሎ እንቁላል ካልተቀቀለ፣ ልጁ ሳይጠየቅ አብሮ ይጾማል። ለልጁ አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለብቻ ማስቀመጥ ይህን ችግር ይፈታል።

እንቁላል ካነሣን ዘንድ፣ አንዱ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። እንቁላላችን ቅዳሜ ገበያ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ለስላሳና ከረሜላ ሆኖ ይመለሳል። ጨውና ሳሙና የሚገዛው በእሱ መሆኑን አውቃለሁ፤ አትሽጡ አልልም። ከአምስቱ አንዱን ለልጁ አስቀሩ ነው የምለው። የምታጠባ እናትም በቀን 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ያስፈልጋታል፤ ይህም አንድ ጊዜ በደንብ መብላት ማለት ነው። ወተቱ ከሰውነቷ ነው የሚወጣውና እሷ መጨረሻ ትብላ ማለት ልጁ መጨረሻ ይብላ ማለት ነው። ልጁ እስከ 6 ወር ከጡት በቀር ውኃም አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ምግብ እየተጨመረለት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ቢጠባ ይጠቀማል።

ጥራጥሬን ሁሉ አሞገስኩ መሰለኝ፤ አንዱን ልለይ። ጓያን ተጠንቀቁ። ዝናብ ባጠረ ጊዜ ሌላው ሲደርቅ እሱ ይበቅላልና በክፉ ዓመት ሰው ጓያ ላይ ይወድቃል። ውስጡ ግን መርዝ አለው። ጥቂት ወራት ሌላ እህል ሳይቀላቀልበት ዋና ምግብ ከሆነ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ የያዘው ሰውም አይድንም። ጎንደር ውስጥ ደምቢያና ፎገራ በዚህ ምክንያት በምርኩዝ የቀሩ ሰዎች አሉ። መዘፍዘፍና ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ለልጅ ምግብ ጓያ አታስገቡ።

እንግዲህ የልጁ ምግብ እንዴት ይሠራ? ከ50 ዓመታት በላይ አስቀድሞ በስዊድን እርዳታ አዲስ አበባ ውስጥ የተጀመረው ፋፋ የሚባለው የልጆች ዱቄት ከስንዴ፣ ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት የተዘጋጀ ነበር። ወደ እሱ የሚጠጋ ነገር ከጓዳችን ይወጣል። ሦስት ጣሳ እህል፣ ማለት ገብስ ወይም ስንዴ ወይም ጤፍ ወይም በቆሎ፣ አንድ ጣሳ ደግሞ ባቄላ ወይም ሽምብራ ወይም አተር ውሰዱ። ጥራጥሬውን ዘፍዝፋችሁ አድርቁት፣ ቆሉት፣ ክኩት፤ ገለባው ሲወጣ ለልጅ ሆድ ይቀልላል። ከእህሉ ጋር አስፈጩት። ገንፎውን አብስላችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት ጨምሩበት፤ ማንኪያዋ ብቻዋን 40 ካሎሪ ያህል ትጨምራለች። እንቁላል ወይም ደቅቆ የተቀቀለ ጎመን ካገኛችሁ ደግሞ ይግባበት።

እናቶች የሚያነሡት ችግር አለ። «ገንፎው ሲወፍር አይውጥልኝም፤ ሲቀጥን ውኃ ይሆናል።» ትክክል ነው። መፍትሔው የጠላ ዕቃችን ውስጥ አለ፤ ብቅል! ገብስ ሲበቅል እህሉን የሚያላላ ነገር በውስጡ ይፈጠራል፤ ጠላ ሲጠመቅም የሚሠራው እሱ ነው። ሻጋታ ያልነካው ንጹሕ ብቅል አድርቃችሁ ፍጩ። ወፍራሙ ገንፎ ከእሳት ወርዶ ትንሽ በረድ ሲል፣ ትኩስ እንደሆነ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምራችሁ አማስሉት። ጥቂት ቆይቶ ውኃ ሳይጨመርበት ይቀጥናል። ከዚያ እንደገና እሳት ላይ ጥዳችሁ አፍሉት፤ ብቅል ሲበቅል ጀርም ሊይዝ ይችላልና ይህን አትተዉ። ልጁ አሁን የወፍራሙን ገንፎ እህል በቀጭኑ መልክ ይጠጣዋል ማለት ነው። አያሰክርም፤ አትፍሩ።

በወሬ ብቻ እንዳይቀር እሑድ ከንባቡ በኋላ እዚሁ እንሠራዋለን። እማማ ድስታቸውን ሊያውሱን ተስማምተዋል። ብቅል ያላችሁ አንድ እፍኝ፣ የተከካ ባቄላ ያላችሁ አንድ ጣሳ ይዛችሁ ኑ። ልጆቹንም አምጧቸው፤ የሚቀምሱት እነሱ ናቸው። አባቶችም አትቅሩ፤ ማማሰያውን በየተራ እንይዛለን።